የሁለት ሳምንት አሳዳጊዎች

የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ ቤተ ክርስቲያኖችና ትምህርት ቤቶች በቡድን ተደራጅተው ወደ ካምቦዲያ፣ ወደ ኔፓል፣ ወደ ሄይቲና ወደ ዩጋንዳ የሚጓዙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በሕፃናት ማሳደጊያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያሉ፤ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ልጆቹን አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ፣ ይመለሳሉ። ቅንነታቸውን መጠራጠር አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ለጉዞው ሲሉ ወራት ገንዘብ ያሰባስባሉ። ነገር ግን ይህ ቅንነት በድሃ አገሮች ውስጥ ልጆችን ከወላጆቻቸው ቤት የሚያስወጣ ገበያ ፈጥሯል።

ካምቦዲያን እንመልከት። በዩኒሴፍ ድጋፍ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የመንግሥት ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎቹ ቁጥር 75 በመቶ አድጓል። የክመር ሩዥ አገዛዝ እልቂት ካበቃ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቁጥሩን የሚያስረዳ አዲስ ጦርነት አልነበረም። ይልቅ የአንኮር ዋትን ጥንታዊ መቅደስ ለማየት ወደ ሲየም ሪፕ የሚጎርፈው ቱሪስት በዝቶ ነበር። በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ከአራት ልጆች የሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ለገጠር እናት ልጇ ጠግቦ እንደሚያድርና እንደሚማር ይነገራታል፤ ከማሳደጊያ ባለቤቶች አንዳንዶቹ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ስንት ለጋሽ እንደሚስብ ያሰላሉ። ንጹሕ የለበሰና የጠገበ ልጅ ኪስ አያስፈታም። ስለዚህ ልጆች ሆን ተብሎ ተጎሳቁለው የሚያዙባቸው ቤቶች ተገኝተዋል።

ኔፓል ውስጥም በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ደላሎች እንደ ሁምላ ካሉ ሩቅ ወረዳዎች ልጆችን በትምህርት ስም ከወላጅ እየተቀበሉ ካትማንዱ ያወርዷቸው ነበር። በሄይቲ ከ2010ሩ ርዕደ መሬት በኋላ ከአሜሪካ የሄዱ አሥር ሚስዮናውያን 33 ልጆችን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ተያዙ፤ ብዙዎቹ ልጆች ወላጅ እንዳላቸው ወዲያው ታወቀ።

«ልጆቹ ግን ይወዱናል፤ ገና በር ላይ ሳለን ሮጠው ያቅፉናል» የሚል መልስ በብዛት ይሰማል። ከክርክሮቹ ሁሉ አሳዛኙ ይህ ነው። በቤተሰብ ያደገ ሕፃን የማያውቀው ሰው ሲመጣ እናቱ ጉያ ይሸሸጋል። ያገኘውን ሁሉ ያለ ልዩነት የሚያቅፍ ልጅ ቋሚ አሳዳጊ የማጣት ምልክት እያሳየ ሊሆን ይችላል። ከ2000 ጀምሮ በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 136 ሕፃናትን የተከታተለው ጥናት፣ በተቋም ያደጉት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመተሳሰር ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ከገቡት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አረጋግጧል። በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያየር እንግዳ በዚያ ላይ ተደጋጋሚ መለያየትን ይጨምርበታል።

ጠንከር ያለው ጥያቄ «ማሳደጊያው ቢዘጋ ልጆቹ የት ይወድቃሉ?» የሚለው ነው። በአንድ ሌሊት ይዘጋ የሚል አስተዋይ ሰው የለም፤ በእርግጥም ሁሉን ያጣ ልጅ አለ። ግን ሩዋንዳ፣ ያውም ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ ማሳደጊያ የበዛባት አገር፣ ከ2012 ጀምሮ ልጆችን ደረጃ በደረጃ ወደ ዘመድና ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ መመለስ ይዛለች። ለአውሮፕላን ቲኬት የሚወጣው ገንዘብ የአንዲትን እናት የቤት ኪራይና የልጆቿን ደብተር ለወራት ይሸፍናል። ከውጭ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በሙያው ለአገሬው ሐኪም ሥልጠና የሚሰጥ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጉዳይ ሌላ ነው። በገዛ አገሩ የኋላ ታሪኩ ሳይመረመር ሕፃናት ማቆያ የማይገባ ወጣት ባሕር ሲሻገር ግን ሞግዚት መሆኑ ምን አመክንዮ አለው?

መንግሥታት ዘግይተውም ቢሆን ነቅተዋል። አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጆችን ለማሳደጊያ ትርፍ መመልመልን ከጉዳዩ ጋር አያይዛ አይታዋለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 አገሮች ከማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነትና ቱሪዝም የሚመጣውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክላለች፤ የጎብኚው በር ግን በዚያ አልተዘጋም። ለበዓል ከአሜሪካም ሆነ ከዐረብ አገር መጥታችሁ ማሳደጊያ ለመጎብኘት የምታስቡ ወገኖች፣ ስጦታውን ከማውረዳችሁ በፊት ኃላፊውን ጠይቁ፦ የእነዚህ ልጆች ወላጆች የት ናቸው? ልጆቹን ወደ ቤታቸው ለመመለስስ ምን ያህል ያስፈልጋል?