ከቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሥዕል ገጣጥም ስለ መሥራት

(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)



ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች፥ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነች፥ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል በሥራ የመጡ ሰዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋራ የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከትውልድ ስፍራው ርቆ የተመደበ ሠራተኛ ልጆቹ አያቶቻቸውን የሚያዩት ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በቀረው ጊዜ የዘመዶቻቸው መልክ የሚገኘው በአባት ወይም በእናት የእጅ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ የጠፋ ዕለት ደግሞ መልኩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ዛሬ የምንናገረው ይህን መልክ ከስልክ አውጥቶ በልጆች እጅ ስለሚያስገባ አንድ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ይኸውም ፎቶግራፍን በካርቶን ላይ ለጥፎ፥ ቈራርጦ፥ ልጆች መልሰው እንዲገጣጥሙት ማድረግ ነው።

ይህ ጨዋታ ከመነሻው ለትምህርት የተፈጠረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1760ዎቹ ዓመታት ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ፥ ካርታን በስስ እንጨት ላይ ለጥፎ የየአገሩን ወሰን ተከትሎ በመጋዝ ቈረጠው። ልጆችም አገሮቹን እየገጣጠሙ ጂኦግራፊ ይማሩበት ጀመር። የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ልጆች ሞግዚት የነበሩት ሌዲ ሻርሎት ፊንችም እንዲህ ባለው ካርታ ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ በካርታ አገር ከታወቀ፥ በፎቶግራፍ ዘመድ የማይታወቅበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ዋናው ፎቶግራፍ ነው። ሌላ ቅጂ የሌለውን የአያት ወይም የሠርግ ፎቶግራፍ መቀስ አይንካው። ፎቶ ቤት ወስዶ በ20 በ30 ሳንቲ ሜትር ቅጂ ማሳተም፥ ዋናውንም ወደ አልበሙ መመለስ ይገባል።

ሁለተኛው የምርጫ ነገር ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወይም በአሞራ ገደል የተነሣ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ እኩሌታው ሰማይና ውሃ ነው። ቢቈረጥ ቍራጩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ስለሚሆን ልጁ ይሰለቻል። ስለዚህ ሰዎቹ ጐላ ብለው የታዩበት፥ የልብሳቸውም ቀለም የተለያየበት ይመረጥ። ከኋላቸው አባ ኮዳ ቆሞ ቢገኝ ደግሞ ለልጁ ጥሩ ምልክት ይሆነዋል።

ካርቶኑ ጠንካራና ልሙጥ ይሁን። ያገለገለ የግድግዳ የቀን መቍጠሪያ ጀርባ ወይም የጫማ ካርቶን ይበቃል፤ የመሥሪያ ቤት ፋይል ሽፋን ግን የመንግሥት ንብረት ነውና አይነካም። ለማጣበቂያ ነጭ ኮላ ይሻላል። እርሱ ከሌለ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ በጥብጦ፥ እስኪወፍር በእሳት ላይ ማማሰል ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ልጅ የበጠበጠው ይበቃል፤ እሳቱን ብቻ ትልቅ ሰው ይያዝ።

ኮላው በስሱ ተቀብቶ ፎቶግራፉ ከመካከል ወደ ዳር በጨርቅ ይዳመጥ። እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኰማተር ካርቶኑን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፤ ይህን ለመከላከል በካርቶኑ ጀርባም ነጭ ወረቀት ይለጠፍ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሳሳቡ ካርቶኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከባድ መጻሕፍት ተጭነውበት አንድ ቀን ይደር።

የሚቈርጠው ትልቅ ሰው ይሁን። ስለቱ የተሳለ ሆኖ፥ የፎቶግራፉ ፊት ወደ ላይ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ከመጫን ይልቅ በአንዱ መሥመር ላይ ሦስት አራት ጊዜ ቀለል አድርጎ መመላለስ ጠርዙን ከመቀደድ ያድነዋል። መሥመሩ ትንሽ ሞገድ ቢኖረው ቍራጮቹ በቀላሉ አይንሸራተቱም። በ10 ሳንቲ ሜትር ቢቈረጥ 6፥ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢቈረጥ 24 ቍራጭ ይወጣዋል፤ ለታናሹ ፊተኛው፥ ለታላቁ ኋለኛው ይስማማል። ስለቱ በማንም ፊት ላይ እንዳያልፍ ግን መሥመሩን ጥቂት ማዞር ይሻላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትንንሽ ቍራጭ ወደ አፉ አስገብቶ ሊታነቅ ስለሚችል አይሰጠው።

በቍራጮቹ ጀርባ ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ይደረግ፤ ከሌላ ገጣጥም ጋራ ቢደባለቁ መለየት ይቻላልና። ከዚያም በፖስታ ይቀመጡ።

ልጁ ሲገጣጥም ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ፥ «ይህች የማን እጅ ናት? ይህ ጋቢስ የማነው?» እያለ ይጠይቀው። አያቱ የኖሩበትን አገር፥ የሠሩትን ሥራ ይንገረው። በሚቀጥለው በዓል ዘመድ ቤት ሲደርስ፥ በእጁ ደጋግሞ የገጠመውን ፊት ከሰው መካከል ለይቶ በስሙ ይጠራዋል።