አረፋ አያጥብም

ከላይ የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወደ ጥገና ሲመጣ ባለቤቱ የሚያቀርበው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ማሽኑ ይሸታል፣ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ነጭ ዱቄት ይተዋል፣ ወይም ሲጨምቅ ፍጥነት አጥቶ ልብሱን ከነውሃው ያወጣዋል። ከቅሬታው ጋር የምርመራው ውጤትም አብሮ ይመጣል። «ሞተሩ ደክሟል»፣ «ዕቃው ፎርጅድ ነው»፣ «ሠራተኛዋ አበላሸችው» ይባላል። ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከታች ተቀምጦ ልብሱን የሚያማታው ክብ ሳህን መሃሉ ላይ አንድ ብሎን አለው፤ እሷን ፈትቶ ሳህኑን ላነሳ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገለጣል። ከሥሩ ግራጫ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ፣ የረጋ ውሃ የሚሸት ዝቃጭ ተጋግሯል። ፀጉር አለበት፣ የጋቢ ክር አለበት፣ አንዳንዴ ሳንቲምና ቁልፍ ይገኝበታል። ይህን ሁሉ አያይዞ ያስቀረው ግን ሳይለቀለቅ የቀረ ኦሞ ነው። ሳህኑን መፈተሽና ማጽዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ባለቤቱን «ኦሞውን ቀንስ» ብሎ ማሳመን ግን ከባድ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነውና፦ «ከቀነስኩትማ አረፋ አይኖረውም!»

አረፋ ከሌለ ልብስ አልታጠበም የሚለው እምነት የትኛውንም ማሽን ይጎዳል፤ ከላይ የሚከፈተውን ግን ይበልጥ ይጎዳዋል። በፊት ለፊት የሚከፈተው ማሽን አንዴ ከተነሳ በሩ ይቆለፋል፤ ሰውየው በመስታወቱ ከማየት በቀር እጁን ማስገባት አይችልም። ከላይ የሚከፈተው ክዳኑ በማንኛውም ሰዓት ብድግ ይላል። የተረሳ ካልሲ ይጨመርበታል፣ አስቁሞ ልብሱን ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ይቻላል፣ ቧንቧ ሲጠፋ በባልዲ ይሞላል። ለእኛ አገር ቤት፣ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰፈር፣ ከዚህ የተሻለ ማሽን አላውቅም፤ ኋላ ቀር ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። ይኸው ምቾቱ ግን አንድ ልማድ አምጥቶበታል። ክዳኑ ይከፈታል፣ ውሃው ይታያል፣ አረፋው ሳሳ ያለ ይመስላል፣ አንድ እፍኝ ይጨመራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላ። የፊት ለፊቱ ማሽን ባለቤት ይህን ማድረግ ቢፈልግም አይችልም።

እምነቱ ከድንቁርና የመጣ አይደለም፤ ለብዙ ዘመን እውነት ነበር። በደረቅ ሳሙና ሲታጠብ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም አስቀድሞ ሳሙናውን ይይዘውና ወደ ነጭ ቅርፊት ይለውጠዋል። ያ እስኪያልቅ ድረስ አረፋ አይወጣም። ስለዚህ ሳፋ ፊት የተቀመጠች እናት አረፋ ስታይ «አሁን ሳሙናው በቅቷል» ማለቷ ትክክለኛ ልኬት ነበር። በእንዶድም ቢሆን የአረፋው መነሳት ፍሬው በደንብ መወቀጡንና ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ውሃው መውጣቱን ያሳይ ነበር። ሥራውን የሚሠራው ግን ያኔም ቢሆን ንጥረ ነገሩ እንጂ አረፋው አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያገኙ፣ የገደላቸው በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ነበር። ዛሬ በፓኬት የምንገዛው ዱቄት ደግሞ ሳሙና አይደለም። ታይድ በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የልብስ ዱቄት በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ማጽጃ ሆኗል፤ በጠንካራ ውሃም ውስጥ ሳይረጋ ይሠራል። የአረፋው መጠንም ፋብሪካው የሚወስነው ሆነ። ለእጅ እጥበት የሚሆነው ብዙ እንዲያረፋ ተደርጎ ይቀመማል፤ ለአውቶማቲክ ማሽን በሚሆነው ላይ ደግሞ አረፋ የሚያጠፋ ቅመም ይጨመርበታል። ሁለቱም ያጸዳሉ። በአረፋ የሚለካ ሰው የለካው እንግዲህ የፋብሪካውን ውሳኔ ነው፤ የልብሱን ንጽሕና አይደለም።

ልብስን የሚያጸዳው ምንድን ነው ለሚለው፣ በሙያው ውስጥ እስካሁን የምንጠቀምበትን መልስ የሰጠው የሄንክል ኩባንያው ኬሚስት ኸርበርት ዚነር በ1959 ነው። አራት ነገሮች ናቸው፦ የማጽጃው ኬሚካል፣ የመታሸቱ ኃይል፣ የውሃው ሙቀትና ጊዜ። አንዱ ሲቀንስ ሌላው መጨመር አለበት። በእኛ ቤቶች ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብቻ ስለሚገናኝ ሙቀቱ ከመነሻው የለም። ሰውም ልብሱን ጠቅጥቆ ስለሚሞላው መታሸቱ ይቀራል፤ «ፈጣን» የሚለውን ቁልፍ ስለሚጫን ጊዜውም ያጥራል። ከዚያ የሦስቱን ጉድለት ኦሞ ብቻውን እንዲሞላው ይጠበቃል። ይህ አይሆንም። የማጽጃው ቅንጣቶች ቆሻሻውን ከበው ከጨርቁ የሚያላቅቁት እስከ አንድ መጠን ድረስ ነው፤ ውሃው የሚበቃውን ያህል ከያዘ በኋላ ትርፉ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል፣ የማለቅለቁ ዕዳ ግን ይጨምራል። ከዚያም አልፎ አረፋው ራሱ እጥበቱን ይሻማል። ከላይ በሚከፈት ማሽን ውስጥ ልብስ የሚጸዳው ሳህኑ ወይም መሃል ላይ የቆመው ምሰሶ ውሃውን ሲያዞረው ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ ነው። መሃላቸው አረፋ ሲገባ ልብሶቹ እንደ ትራስ በለሰለሰ ነገር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ይዞራሉ እንጂ አይታሹም። ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው ግን የተትረፈረፈ አረፋ አይቶ ረክቶ ይዘጋዋል።

በማሽኑ አካል ላይ የሚያደርሰውም በዓይን የሚታይ ነው። አውቶማቲኩ ማሽን ውሃው የት እንደደረሰ የሚያውቀው ከገንዳው ሥር ተነስታ ወደ ላይኛው መቆጣጠሪያ በምትሄድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለ የታመቀ አየር ነው። ቱቦዋ በዝቃጭ ስትደፈን ማሽኑ ውሃ መሙላቱን ሳያውቅ ያስፈስሳል፤ ወይም ሞልቶም ሥራ አይጀምርም። ያኔ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ለአዲስ ቦርድ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ውሃው ሲወጣ ደግሞ አረፋው በሁለቱ ገንዳዎች መካከል፣ ቀዳዳ ባለው የውስጠኛው ድራምና በውጪው መካከል፣ ይቀራል። ፓምፕ ውሃ ይገፋል እንጂ አረፋ መግፋት አይሆንለትም። በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ጊዜ ገደማ ዞሮ መጭመቅ ያለበት ድራም አረፋው ይይዘዋል፤ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ከመጠን ያለፈው አረፋ በገንዳው ጠርዝ ፈስሶ ከሥር ያለውን ሞተርና ሽቦ የሚያረጥብበትም ጊዜ አለ። ባለሁለት ገንዳዋ ማሽን፣ ማጠቢያና መጭመቂያዋ ለየብቻ የሆነችው፣ ከዚህ ብዙውን ትቋቋማለች፤ ቦርድ የላትም። እሷም ግን በአረፋ የተሞላ ልብስ ወደ መጭመቂያው ሲገባባት ትጮኻለች፣ ትንቀጠቀጣለች።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ተቃውሞ የእጅ እጥበት ነው። በሳፋ በብዙ አረፋ የታጠበ ነጠላ ከማሽኑ የበለጠ ነጭ ይወጣል ይባላል፤ እውነትም ይወጣል። ምክንያቱ ግን አረፋው አይደለም። የእጅ አጣቢ ኮሌታውንና እጅጌውን ለይታ ታሻለች፣ ቆሻሻው ያለበትን ታያለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ውሃ ትለውጣለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። አረፋው የሚያደርግላት እጇ በጨርቁ ላይ እንዲንሸራተት መርዳት ነው። ከዚህ ሁሉ ወደ ማሽኑ ይዘን የመጣነው አረፋውን ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሊመጣ የሚገባው መዘፍዘፉና ኮሌታ ማሸቱ ነበር። የወጥ ቅባትና በርበሬ የነካው ልብስም እንዲሁ ነው። እድፉ ላይ ትንሽ ሳሙና በቀጥታ አሽቶ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ገንዳው ሙሉ ኦሞ የማያደርገውን ያደርጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በከፊል እውነት አለበት። ቅባትና ቆሻሻ አረፋን ይገድላል፤ ስለዚህ በእጥበቱ መሃል አረፋው ድራሹ ከጠፋ ማጽጃው ማለቁን ያሳያል ይላሉ። ለእጅ እጥበት የተቀመመ ዱቄት ከሆነ ልክ ናቸው። በጣም የቆሸሸ ልብስ ገብቶ ውሃው ደፍርሶ ፊቱ ላይ ምንም ካልቀረ ጥቂት መጨመር ስሕተት አይሆንም፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ያንን ውሃ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። የውሃውን ፊት በስሱ የሸፈነ አረፋ ይበቃል። አነስተኛ አረፋ እንዲኖረው በተሠራ ዱቄት ላይ ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ አይሠራም። የውሃው ጠባይም ቢሆን ልዩነት አለው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች አዲስ አበባ የሚደርሰው ውሃ ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ጠንከር ይላል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገርባቸው እንደ ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች ከአዲስ አበቤው የበለጠ ዱቄት ያስፈልጋቸዋል። ይህን ለመለየት ማንቆርቆሪያውን ማየት ከአረፋው የተሻለ ይነግራል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የውሃው ብክነት ነው። መካከለኛ ማሽን አንዴ ሲሞላ ከ40 እስከ 60 ሊትር ይይዛል። ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ሊበቃው የሚችል ልብስ በትርፍ ኦሞ ምክንያት ሦስተኛና አራተኛ ሲፈልግ፣ እያንዳንዱ ዙር ቢያንስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ከላይ የሚከፈት ማሽን ውሃ ያባክናል የሚለው ስም የመጣበት በቂ ምክንያት አለ፤ በአሜሪካ ቤቶች የለመዱት ባለምሰሶው የድሮ ማሽን ለአንድ እጥበት እስከ 150 ሊትር ይወስድ ነበር። የፊት ለፊቱ በጥቂት ውሃ እንደሚያጥብ አልክድም። ነገር ግን ዱቄቱን በልኩ ላደረገ ሰው ልዩነቱ ይጠብባል። የነጭ ልብስ የሳሙና ውሃ ሳይደፋ ለባለቀለሙ ያገለግላል፣ የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ከላይ በሚከፈተው ነው። በአረፋ የተሞላ ውሃ ግን ለምንም አይሆንም። ሮቶው ባዶ ሲሆን የምትወቀሰው ደግሞ «ኦሞውን በደንብ አድርጊበት» ተብላ የታዘዘችው ሠራተኛ ናት። ማንም መለኪያ ሳይሰጣት በእፍኝ የለካችውን እሷ ላይ ማላከክ ነውር ነው።

ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃው እቤቱ ነው። የታጠቡ፣ የደረቁ፣ ንጹሕ ናቸው የሚላቸውን አራት አምስት ፎጣዎች ያለ ምንም ዱቄት በውሃ ብቻ ማሽኑ ውስጥ ይክተትና አሥር ደቂቃ ያዙራቸው፤ ከተቻለ ሞቅ ባለ ውሃ። ከዚያ ክዳኑን ይክፈት። በአብዛኛው ቤት ውሃው ያረፋል፣ ቀለሙም ይደፈርሳል። ያ አረፋ ባለፉት ሳምንታት ፎጣው ውስጥ የቀረ ኦሞ ነው። ፎጣው የሻከረው፣ ነጩ ጋቢ የወየበው በእሱ ምክንያት ነው፤ ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ልብሱ ቆዳ ላይ የሚያሳክክበትን አንድ ምክንያት እዚህ ያገኘዋል። መለኪያ ለሚጠይቀኝ የቡና ሲኒ እላለሁ፤ ሳይከመር የተሞላ ሲኒ ከ40 እስከ 50 ግራም ገደማ ዱቄት ይይዛል፣ ለ40 ሊትር ለስላሳ ውሃና መካከለኛ ቆሻሻ ላለው ልብስ ይበቃል። ዱቄቱን በጆግ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ ልብሱ ከመግባቱ በፊት ማፍሰስ ጥቁሩ ላይ የሚቀረውን ነጭ ነጥብ ያስቀረዋል።

ይህን ግን ጠጋኝ ብቻውን እየዞረ የሚያስተምረው መሆን አልነበረበትም። ለ40 ሊትር ውሃ ስንት ሲኒ እንደሚገባ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ጎላ አድርጎ ፓኬቱ ላይ ማተም ለፋብሪካ አንድ መስመር ነው። ማስታወቂያውም ተራራ የሚያህል አረፋ ማሳየቱን ትቶ የተለቀለቀ ልብስ ሊያሳይ ይችላል። ሽያጭ ይቀንሳል ብለው ይፈሩ ይሆናል። በወር ሁለት ፓኬት የሚገዛ ቤት አንድ ሊገዛ ይችላል፤ እርግጥ ነው። ማሽኑ በሦስተኛው ዓመት ለቆራሌ የተሸጠበት ቤት ግን ወደ ሳፋና ወደ ደረቅ ሳሙና ይመለሳል፣ ከእነሱ ምንም አይገዛም።