የአምባሰል ዜማና የኤሌክትሪክ መሣሪያ

በወሎ ምድር ሐይቅና አምባሰል ጎረቤታሞች ናቸው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ባስተማሩበት በእስጢፋኖስ ገዳም ስሟ ተጠራ፤ አምባሰልም ስሟን ለዜማ ሰጠች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ የርሷን ስም ይዞ ይኖራል። ይህም ታላቅ ክብር ነው፤ ክብርም ጠባቂ ይፈልጋል። ዛሬ የአገር ዜማ ከማሲንቆና ከክራር አልፎ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሰማ ስለ ኾነ፣ አዲሱ መሣሪያ የጥንቱን ቅኝት ያጠፋዋልን ወይስ ያስፋፋዋል የሚለው ነገር ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህም ጥያቄ በሩቅ አገር ከተደረገው ምሳሌ ይገኛል።

በጀርመን አገር በዱስልዶርፍ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ራልፍ ሑተርና ፍሎሪያን ሽናይደር የሚባሉ ኹለት ወጣቶች ክራፍትቨርክ የተባለ የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ፤ ትርጓሜውም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ማለት ነው። ሽናይደር አስቀድሞ ዋሽንት ነፊ ነበር። በዚያን ጊዜ የጀርመን ወጣት አብዝቶ የሚሰማው የአሜሪካንና የእንግሊዝን ዘፈን ነበር፤ እነዚህ ግን የሌላውን ዜማ ከመቅዳት ይልቅ ከገዛ አገራቸው ከፋብሪካው፣ ከመንገዱና ከባቡሩ ድምፅ ሙዚቃ ለማውጣት ተነሡ። በ1974 አውቶባን ብለው ስለ አገራቸው ሰፊ ጎዳና ከኻያ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዘፈን አወጡ፤ የዘፈኑትም በቋንቋቸው በጀርመንኛ ነው። በ1977 ደግሞ አውሮፓን ስለሚያቋርጠው ባቡር ዘፈኑ።

የሥራቸው ፍሬ በጀርመን ብቻ አልቀረም። በ1982 በኒውዮርክ አፍሪካ ባምባታ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ከዚሁ ከባቡሩ ዘፈን ዜማ ወስዶ ፕላኔት ሮክን ሠራ። በዲትሮይት ከተማም ዋን አትኪንስና ጓደኞቹ ይህን ድምፅ ከጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ምት ጋራ አዋሕደው ቴክኖ የሚባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። ሥራቸው የተወደደው ጀርመኖቹን ስለ መሰሉ አይደለም፤ በተቀበሉት መሣሪያ የገዛ ሰፈራቸውን ነገር ስለ ተናገሩበት ነው እንጂ።

ለዚህ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ አይታጣለትም። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ኾኖ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና የከበሮ ምት በሚሰጥ መሣሪያ የአገሩን የቆዩ ዜማዎች ቀረጸ። ምቱን መሣሪያው ቢመታውም ቅኝቱ የኢትዮጵያ ነው፤ ስለዚህም ሥራው በ2013 እንደገና በወጣ ጊዜ በብዙ የውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ተወደደ። ከርሱም በኋላ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የሚባሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች የአገሩን ድምፅ በኮምፒዩተር እያዋሐዱ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ የተባለውን መንገድ ከፈቱ።

ኾኖም አንድ የሚያሠጋ ነገር አለ። ሲንተሳይዘር ከፋብሪካ ሲወጣ ከታችኛው ድምፅ እስከ አቻው የላይኛው ድምፅ ያለው ርቀት በ12 እኩል ደረጃ ተከፍሎ ነው። አምባሰል ግን አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት ሲኾን፣ ባለማሲንቆው ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ፣ ዘፋኙም ጉሮሮውን እያርገበገበ በኹለት ቁልፎች መካከል የተሰወረውን ድምፅ ያወጣል። ቁልፉን ብቻ የሚያውቅ ወጣት ይህን ጣዕም ሳይሰማው ያልፋል፤ መሣሪያውም የጎደለውን አይነግረውም።

ስለዚህ መድኃኒቱ መሣሪያውን መጥላት አይደለም። አስቀድሞ ከአዝማሪው ዘንድ ተቀምጦ ቅኝቱን በጆሮ መማር፣ ከዚያም መሣሪያውን በዚያ ልክ ማረቅ ነው፤ ከዛሬዎቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ እንደሚፈለገው ሊቃኙ ይችላሉና። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ተረት የሚደርሰው አምባሰልን ሳይማር የባዕድ ምት ለሚቀዳ ነው። ጀርመኖቹ የገዛ ጎዳናቸውን ዘፍነው ዓለምን አስከተሉ፤ ስሟን ለቅኝት የሰጠች አገር ልጅም ከዚህ የሚማረው የጀርመኖቹን ድምፅ ሳይኾን ድፍረታቸውን ነው።