ሥዕልን ማስፋት ማጥራት አይደለም

በየቤታችን የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የሌላ መታሰቢያ ቀን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይጠፋም። ይህም ብዙ ጊዜ ተጨምቆ በፋይል የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ አረጋውያን ወላጆቻችን በቴሌቪዥን ያዩት ዘንድ ወደ ዲቪዲ እንለውጠዋለን። በዚያን ጊዜ የሥዕሉን መጠን መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

አንድ ወዳጃችን፣ እናቱ በልጁ ክርስትና ዕለት ሲመርቁ የተነሣበትን ፋይል ይዞልን መጣ። እናቲቱ ዐርፈዋል፤ ከመልካቸውና ከድምፃቸው የቀረው ይኸው ብቻ ነበር። «ትልቁን መጠን ስጡት፤ ፊታቸው ይጠራልኝ ይሆናል» አለን። እኛም እውነቱን ልንነግረው ግድ ሆነብን።

ሥዕሉ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የወዳጃችን ፋይል ወርዱ 320፣ ቁመቱ 240 ነጥብ ነበር፤ ሲባዛ 76,800 ይሆናል። በአገራችን በተለመደው ፓል በተባለው ሥርዓት ዲቪዲ የሚቀበለው ትልቁ መጠን 720 በ576፣ ማለት 414,720 ነጥብ ነው። እንግዲህ ከአምስቱ እጅ ከአራቱ የሚበልጠውን ኮምፒዩተሩ በአጠገቡ ካሉት ነጥቦች እየገመተ ይሞላዋል ማለት ነው። በወተት ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ማሰሮው ይሞላል እንጂ ወተቱ አይበዛም።

ጕዳትም አለበት። ተራው ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ቢሊዮን ባይት ነው። ይህ ለሁለት ሰዓት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ለአራት ሰዓት የሆነ እንደ ሆነ ግን የዚያ እኩሌታ ብቻ ነው። ነጥቡ በዝቶ ድርሻው ሲያንስ ሥዕሉ እንደ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል። የወዳጃችን ፋይል አራት ሰዓት ያህል ስለ ነበረ፣ ዲቪዲ ከሚቀበላቸው መጠኖች ለእርሱ የሚቀርበውን 352 በ288ን መረጥን፤ ለቴሌቪዥኑ የሚያሰፋው ማጫወቻው ራሱ ነውና።

በዛሬ ስልክ በ1920 በ1080 የተነሣ እንደ ሆነ ግን 720 በ576ን መምረጥ፣ ቅርጹንም 16 በ9 ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ የሰው ፊት ይቀጥናል። አሜሪካ ላሉ ዘመዶች ሲላክ፣ በዚያ የተለመደው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ የተባለው ሥርዓት ስለ ሆነ 720 በ480 ይሁን።

ዲቪዲው በተከፈተ ጊዜ የእናቲቱ መልክ ጥቂት ደብዘዝ ቢልም ሳይሰባበር ታየ፤ ምርቃታቸውም ተሰማ። ወዳጃችን ፋይሉን ሊሰርዘው ሲል ግን እጁን ያዝነው። ዲቪዲ ይጫራል፣ በፀሐይም ይበላሻል፤ ዋናው ፋይል ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፣ ዋናውን በሁለት ስፍራ አኑሩት።