ያበጠ እግርና የፋሻ ሕክምና

በጎጃም ደጋና በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ፣ እግሩ ከጣቶቹ አንሥቶ ወደ ላይ እያበጠ፣ ቆዳውም እየጠጠረና እየሻከረ በሄደ ጊዜ፣ ጎረቤቱ መርገም ነው እያለ ከእርሱ ጋር በጋብቻ መዛመድን ይሸሻል፤ ሕሙሙም በበኩሉ ከዕድርና ከሰንበቴ፣ አልፎ ተርፎም ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ራሱን ያርቃል። ሕዝቡ ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ደዌ ግን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ተቀምጦ እንደ መረመረው፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ሰርጎ ገብቶ የሊምፍ ሥሮችን በማቁሰሉና በመድፈኑ የሚመጣ እንጂ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም። ለደዌው የመጋለጥ ጠባይ በቤተሰብ ቢወረስም እንኳ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ በጫማ የተጠበቀ እግር ከዚህ መከራ ይድናል።

የሊምፍ ሥሮች ተግባር ምን እንደ ሆነ ያልተረዳ ሰው የሕክምናውን ምሥጢር ሊረዳ አይችልም። ልብ ደምን ወደ አካላት ሁሉ ስትልክ፣ ከደቃቅ የደም ሥሮች ውኃና ጥቂት ፕሮቲን እየወጣ በሥጋ መካከል ይቀራል፤ ይህንንም ትራፊ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ሥሮች ናቸው። ልብን የመሰለ ገፊ ስለሌላቸው፣ በገዛ ግድግዳቸው መኮማተርና በአጠገባቸው ባሉት ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ፈሳሹን ሽቅብ ያስኬዱታል። በአፈር ቅንጣት፣ በትንኝ በሚተላለፈው የፊላሪያ ትል፣ ወይም ለነቀርሳ ሕክምና የብሽሽት ዕጢዎች በመውጣታቸው ምክንያት መንገዳቸው ሲቋረጥ፣ ፈሳሹ በእግር ተጠራቅሞ ቆዳውን ያደድራል። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ውኃውን ለጊዜው ቢያጎድልም ፕሮቲኑን ስለማይወስድ፣ ብዙ ሕሙማን በከንቱ ሲውጡት ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ ፋሻ የሚያደርገው፣ ከውስጥ የጠፋውን ኃይል ከውጭ መተካት ነው። ለዚህ የሚመረጠው ብዙ የማይለጠጥ ጠንካራ ፋሻ ነው፤ ሕሙሙ ሲራመድ የባቱ ጡንቻ እያበጠ በጨርቁ ላይ ሲገፋ፣ ጨርቁ አልለጠጥም ብሎ ግፊቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋልና፣ ፈሳሹም በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሕሙሙ በተኛ ጊዜ ግን ግፊቱ ይላላል። ስለዚህ ፋሻ ጠምጥሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው የሕክምናውን እኩሌታ አጥቷል። አጠማጠሙም እንደ ወታደር ገምባሌ ከእግር ጣቶች ሥር ተጀምሮ እስከ ጉልበት የሚወጣ ሆኖ፣ በቁርጭምጭሚት ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ላላ ይላል። ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ከላይ ከጠበቀ ፈሳሹን ከታች አስሮ ያስቀረዋል።

ከፋሻው አስቀድሞ ግን መታጠብ አለ። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግርን በክብር የሚፈጽም ሕዝብ የዚህን ነገር ክብር አይስተውም። እግር በየቀኑ በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ጥቂት በረኪና በብዙ ውኃ በተበረዘበት ተዘፍዝፎ፣ በጣቶች መካከል እስኪደርቅ ተጠርጎ፣ ቫዝሊን ሊቀባ ይገባል፤ ትኩሳትና ሕመም በየጊዜው የሚነሣው በተሰነጠቀ ቆዳ በሚገባ ተሐዋሲ ነውና። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናት፣ እጥበትን፣ ፋሻን፣ እንቅስቃሴንና ጫማን አንድ ላይ የተማሩት ሕሙማን፣ ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ ካልተማሩት ይልቅ ማነሱን አሳይቷል፤ ባልተማሩት በዓመት ለአንድ ሰው ወደ 24 ጊዜ ሲሆን፣ በተማሩት ወደ 19 ነበር። በአውስትራሊያ ካንቤራ በ84 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2020 የታተመው ደግሞ፣ ጨምቆ የሚይዝ የእግር ልብስ ከለበሱት ከመቶ 15ቱ ብቻ፣ ካልለበሱት ግን 40ዎቹ የቆዳ ልክፍት እንደ ተመለሰባቸው በማሳየቱ፣ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደርጓል።

የእግሩ እብጠት ከጎደለ በኋላ ሕሙሙ ፋሻውን ትቶ በልኩ የተሠራ ጠበቅ ያለ የእግር ሹራብ ይለብሳል፤ ጠዋት እብጠቱ ሳይነሣ ይጠለቃል፣ ማታ ይወልቃል፣ ክሩ ስለሚላላም በ6 ወር ገደማ ይለወጣል። ተስፋ የሚያስቆርጠው፣ ይህ ሥራ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መሆኑ ነው፤ የተበላሸው ሥር አይታደስምና፣ ልብሱ ሲጣል እብጠቱ ይመለሳል። ስለዚህ ፋሻና ሹራብ ከመድኃኒት ተቆጥረው በየጤና ጣቢያው እንደ ኪኒን ሁሉ ሳይቋረጡ ሊገኙ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ማንም ሰው ሳይመረመር እግሩን አያጥብቅ። ደም ወደ እግር የሚያወርደው ሥር የጠበበበት፣ ልቡ የደከመ፣ ወይም በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው በፋሻ ሊጎዳ ይችላልና፣ ሐኪም አስቀድሞ የእግሩን ትርታ ይዳስስ። ትኩሳት ባለበትና እግሩ በቀላበት ጊዜም ልክፍቱ በመድኃኒት እስኪበርድ ይጠበቅ፤ ጣቶች ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ፋሻው ያን ጊዜውኑ ይፈታ። ደግሞም እግሩ እጅግ የከበደበት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ሊደርስባቸው አይችልምና፣ አጠማጠሙን የሚያስተምር የጤና ሠራተኛ ሚስቱን ወይም ልጁን አብሮ አስቀምጦ፣ በገዛ እጃቸው ጠምጥመው እስኪያሳዩት ድረስ አያሰናብታቸው።