የንጉሡ ብር ስንት ያወጣል?

ሐዋሳ በዕድሜ ከብሩ ታንሳለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት የወረቀት ብር ገበያ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ ሐዋሳ በከተማነት የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ መሃል ከተማ ውስጥ ከአንድ ቤት ሣጥን የዚያ ዘመን ኖት ቢወጣ፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ ሰው ጋር አብሮ የገባ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱም ወዲያው ዋጋውን ይጠይቃል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛል። ኖትን ብርቅ የሚያደርገው ዕድሜው ሳይሆን ሳይመለስ የቀረው ብዛት ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን ብር ሽሮ በአዲስ ሲተካ፣ አሮጌውን ባንክ ወስዶ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ የተወሰነ ነበር። አንድ ብር በመጽሐፍ መሐል ተረስቶ ይቀራል፤ አምስት መቶ ብር ማን ይረሳል? በዚህ ምክንያት ባለ 1 ብሩ ዛሬም እንደልብ ይገኛል፣ ባለ 500ው ግን የሰብሳቢ ሁሉ ምኞት ነው። ደርግ ባለ 20 እና ባለ 500 ኖቶችን ጭራሽ አላሳተመም።

ከዚህም የራቁ አሉ። የአቢሲንያ ባንክ በ1907 ዓ.ም.፣ ተተኪው የኢትዮጵያ ባንክ ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ያወጧቸው ኖቶች ገና ሲወጡም በብዛት አልተዘዋወሩም፤ ሕዝቡ ወረቀት ሳይሆን ማርትሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር ነበር የሚያምነው።

የጠገራ ብር ነገር ግን ሌላ ነው። ማርትሬዛዋ ላይ 1780 የሚል ቁጥር ያየ ሰው በእጁ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ የያዘ ይመስለዋል። ቁጥሩ አይለወጥም፤ ቪየና ዛሬም በዚያው ቁጥር ትመታታለች፣ ሮምና ለንደንም በየጊዜው መትተዋታል። ክብደቷ 28 ግራም ያህል ሆኖ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋዋም ከዚያ ብር ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ለጀማሪ የምመክረው የደርጉን ኖት ነው። ቡና ለቃሚው ያለበት ባለ 5፣ ስፌት የምትሰፋዋ ሴት ያለችበት ባለ 10፣ ጀርባው ላይ የፋሲል ግንብ ያለበት ባለ 50 ብዙ ሰው ቤት አሉ። የሁሉም ዓመት 1969 ነው፤ በዋናነት የሚለያቸው የብሔራዊ ባንክ ገዥው ፊርማ ነው። በትንሽ ገንዘብ ፊርማ በፊርማ መሰብሰብ ዓይንን ይስላል።

ቴምብር ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። የምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ የተዘጋጁ፣ ቅርጻቸው የኧዤን ሙሾን የሆነ ሰባት ዓይነት ናቸው፤ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ። ገና ከጅምሩ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ያልተላከባቸው እምብዛም ውድ አይደሉም። ውዱ ቴምብሩ ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት የተጓዘው ፖስታ ነው። በዘውዲቱ ዘመን በስዊዘርላንድ የታተሙት አውሬዎችና ሥዕሎች ያሉባቸው ቴምብሮች ደግሞ እንደገና ታትመው ገበያውን አጥለቅልቀዋል፤ ሙጫው ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀው ድጋሚ ሕትመት ነው፣ የመጀመሪያው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው።

እንደ ኢንቨስትመንት? እኔ የቤት ኪራይ ገንዘብ አላስገባበትም። ገዢው ባብዛኛው ውጭ አገር ነው፤ እሱም ኖቱ ታጥፎ እንደሆነ፣ ጠርዙ ተበልቶ እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ያያል። ደረጃ አውጪ ድርጅቶች እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፣ አንዲት እጥፋት ብዙ ነጥብ ታስቀንሳለች። የቆሸሸ ኖት ማጠብና በካውያ መተኮስ፣ የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ዋጋን መግደል ነው።

የአክሱም ሳንቲም የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ ግን አይግዙ። ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዘመን የጀመረው ሳንቲም ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው።

የአባትዎ ደብዳቤዎች ቤት ካሉም ቴምብሩን ከፖስታው አይላጡ። አዲስ አበባ ሲሄዱ ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ይጎብኙ፤ እርስዎ ጋር ያለውን ለማመሳከር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።