ከልጅ እጅ የሚርቅበት ቦታ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ያመላለሰ ሰው በጥበቃዎች «ቅመስ» መባልን ለምዶታል። የሚፈራው በአዋቂ ምግብ ውስጥ የተደበቀ መርዝ ነው። የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ የማየው መርዝ ግን የተደበቀ አይደለም፤ ከሱቅ ተገዝቶ፣ ሃይላንድ ውስጥ ተገልብጦ፣ አልጋ ሥር የተቀመጠ ነው። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የትኋን መድኃኒት።

ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ሲገባ ትንፋሹ ቀድሞ ይናገራል። አፍንጫው ይርገበገባል፣ ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጋዙ ሆድ ከገባ ያን ያህል አይከፋም፤ የሚፈራው ወደ ሳንባ የሾለከው ጥቂት ጠብታ ነው። እናት ደንግጣ ጣቷን ከትታ ስታስመልሰው ያ ጠብታ መንገዱን ያገኛል። ወተት መጋትም ያስመልሳል (ወተት የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ነው ብሎ ማን እንዳስተማረን እንጃ)። የተባይ መድኃኒት የጠጣው መልኩ ሌላ ነው፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይጠባል፣ ምራቁና ላቡ አይቆምም፣ ደረቱ ያንኮራኩራል። አትሮፒን እንደጋግማለን፤ መለኪያችን የሳንባው መድረቅ ነው። አምፑል ስሰብር ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

ጠርሙሶቹ ላይ «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» የሚል አይጠፋም። ይህ ቁም ሳጥን ላለው ቤት የተጻፈ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር የኖሩ ሕፃናት አሉ። የእስረኛ ንብረት አልጋዋ ላይና አልጋዋ ሥር ያልቃል፤ «ራቅ አድርጊው» ብትባል ወዴት ታርቀው? እንዲህ ባለ ቦታ ምክሩ ለእናቲቱ ሳይሆን ቁልፉን ለያዘው ሰው ነው ባይ ነኝ። በረኪናው ከነመለያው ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ለጽዳት ሲፈለግ ብቻ ይውጣ፣ ሃይላንድ ውስጥ አይገልበጥ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ከወላጃቸው ጋር የሚኖሩ ሕፃናት ፈጽሞ እንደ እስረኛ እንዳይታዩ ይላሉ። ይህ በእኔ ሙያ ሲተረጎም በማረሚያ ቤት ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ አትሮፒንና በሕፃን ፊት ልክ የተሠራ የኦክስጅን ጭንብል መኖር ማለት ነው።

ሰዓቱም አለ። ውጭ ያለች እናት ልጇን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ትገባለች። የታሰረችው ግን በር አንኳኩታ፣ ተረኛ ጠርታ፣ አጃቢና መኪና እስኪገኝ መጠበቅ አለባት። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ እንደዚህ ባለ ሌሊት ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን የበሩ ሥርዓት ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ተረኛው ጥበቃም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ አታስመልሱ፣ የሚጠጣ ነገር አትጋቱ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኛም የጠጣውን ለማወቅ ስንጠያይቅ ደቂቃው ይሄዳል። ልብሱ ላይ የፈሰሰ ካለ ደግሞ ጓንት አጥልቃችሁ አውልቁትና ገላውን በሳሙና እጠቡት፤ የተባይ መድኃኒት በቆዳም ይገባል።